ሐኪም ፈታኟ አስካለማርያም

መቱ ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ የገዛ ሰው አስካለማርያምን ያውቃታል። ገዢ መጥቶ ጆንያዋ ፊት ሲቆም ቀና ብላ ታየዋለች እንጂ ቀድማ አትናገርም። ኮረሪማው የዘንድሮ ይሁን ያምና፣ ፀሐይ ያደረቀው ይሁን ጭስ የመታው፣ ገዢው ራሱ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ ፍሬውን ነክሶ ይወቅ። ካወቀ ታከብረዋለች። ካላወቀ ያው አላወቀም፣ ምን ታድርገው! እናቷ ጎሬ ላይ ንግድ ስታስተምራት «ቀድመሽ አትናገሪ» እያለች ነው ያሳደገቻት።

ይህንኑ የገበያ ጠባይ ነው እንግዲህ ሐኪም ቤት ይዛ የገባችው።

ሐኪም አታምንም። ልጅ ሳለች ሐኪም የሚባለው አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበር። የሰውን ዓይን ገልጦ ያይና «ወባ ነው» ይላል፤ ነገር አያበዛም። ኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ተባለ። ካርድ የሚያወጣውም ዶክተር፣ ሽንት የሚቀበለውም ዶክተር፣ ኪኒን የሚቆጥረውም ዶክተር። ታላቅ እህቷን ተስፋነሽን ራሷን አሟት አንድ ክሊኒክ ሄዳ «ዶክተሩ» ወጋት፤ ከአልጋው አልተነሣችም። ኋላ ሲጣራ ሰውየው የክሊኒኩ ባለቤት የአክስት ልጅ ነው፤ የተማረውም እርሻ ነው።

ጎረቤት ቤት በምታየው የቴሌቪዥን ድራማም ዶክተር መነጽሩን አውልቆ ከበር ብቅ ካለ፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። «መርዶ ነጋሪ ሁላ!» ትላለች። የጎረቤት ልጅ ሕክምና ደረሰው ሲባል ደግሞ ከሁሉ ቀድማ እልል የምትለው እሷው ናት። «ምነው አስካለ፣ ትጠያቸው የለም ወይ?» ሲሏት፣ «ልጅ ለመዳርማ ዶክተር ጥሩ ነው፤ ለመታከም ነው የሚያስፈራው» ብላ ታስቃቸዋለች።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም ግን «አስካለማርያም ትፈትንልን» ተብሎ እሷ ትጠራለች። ዘዴዋ አንድ ነው፤ በሽተኛው የሚያመውን አይናገርም። «ምንህን አመመህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም፣ እሷ እንደምትለው፣ «ኮረሪማሽ ጉድለቱ ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ነው።

ባለፈው ቡና ተለቅሞ ሲያበቃ ባሏ ገብረ ሥላሴ ታመመ። ገብረ ሥላሴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ጉልበቱ አልቋል። ለጉልበቱ አስካለማርያም ከሱቅ ኪኒን ታመጣለታለች፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጣታል። ሰሞኑን ግን ሆዱ ያቃጥለው ጀመር። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ሲነሣ ግድግዳ መያዝ አመጣ። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከመናኸሪያው ጀርባ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ ስለነበር በባጃጅ ወደዚያ ወሰደችው።

«ጉልበቴን ነው በል» አለችው መንገድ ላይ።

«ሆዴንስ?»

«ሆድህን እሱ ያግኘው። ካገኘው ሐኪም ነው። ካላገኘው ተነሥተን እንሄዳለን።»

«እሱ እስኪያገኘው እኔ የት እገኛለሁ?»

«ቀስ በል፣ ሰውየው ይሰማል» አለች፣ ሹፌሩን በዓይኗ እያሳየችው።

ሐኪሙ ዶክተር አራርሳ ይባላል፤ ጢሙ ገና በወጉ ያልሞላ ልጅ ነው።

«ትልቁ ዶክተር የለም?» አለች አስካለማርያም።

«ትልቁም እኔው ነኝ፣ እማማ።»

ነርሷ ሊቺ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲነቃነቅ ይታያል።

«የማን ልጅ ነህ?»

«ከዳሪሙ ወረዳ ነኝ። አባቴ ገበሬ ናቸው።»

«የተማርከውስ? እርሻ አይደለም?»

«እርሻውን ለአባቴ ተውኩላቸው» አለና ወደ ገብረ ሥላሴ ዞረ። «አባባ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

ይኸው ጠየቀ፣ አለች በሆዷ።

«ጉልበቴን» አለ ገብረ ሥላሴ፣ ወለል ወለሉን እያየ።

ሐኪሙ ጉልበቱን ይዞ አጠፈው፣ ዘረጋው፤ ቀጭ አለ። «ሌላ የሚሰማዎት አለ?»

«የለም» አለች አስካለማርያም።

«ጨጓራስ?»

«የለበትም።»

«የሚወስዱት ኪኒን?»

«እኛ ቤት ኪኒን አይገባም።»

ሁሉን እየጠራ የሚጠይቀው አንዱ ይመታልኝ ብሎ ነው፤ ይሄ ማወቅ አይደለም። ፈተናዋን ወድቋል። ልትነሣ ስትል ግን ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ መርፌ አዘዘና ሊቺ ቀድታ መጣች። ገብረ ሥላሴ ቀበቶውን ፈትቶ አልጋው ላይ ተደገፈ። መርፌዋን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ይቺ ለሆድም ትሆናለች?» አለ።

«ለየትኛው ሆድ?» አለ ሐኪሙ።

«ገብሬ!» አለች አስካለማርያም።

«ተይኝ እስቲ አስካለ! ፈተናሽን ነገም ታደርጊዋለሽ፤ እኔ ነገ መኖሬን በምን አውቃለሁ? ዶክተር፣ ሆዴን ነው ያመመኝ። የሚወጣኝ ጥቁር ነው፣ እንደ ሬንጅ።»

«ሊቺ፣ ተዪው! እንዳትወጊው!» ሐኪሙ ዘሎ መጣ። የገብረ ሥላሴን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጦ ሲያይ ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። «ሆድዎ ውስጥ እየደማ ነው። ይቺ መርፌ ደግሞ መድማቱን ነበር የምታባብሰው። እማማ፣ ምነው ዋሹኝ?»

«እኔ ዋሸሁ። ልታስወጋው የነበርከው ግን አንተ ነህ።»

«ስላልነገሩኝ ነዋ!»

«ተስፋነሽን የወጋትም እንዲሁ ነበር ያለው።»

«ተስፋነሽ ማናት?»

«እህቴ ናት» አለች። «ነበረች።»

ሐኪሙ ገብረ ሥላሴን ራሱ ደግፎ ወደ መኝታ ክፍል ወሰደው።

ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። አስካለማርያም ከአልጋው ሥር ንቅንቅ አላለችም። ጠብታው ሲዘገይ ሊቺን ትጠራለች፤ ሲፈጥንም ትጠራለች። «አኮ፣ ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ» ትላታለች ሊቺ። እሷ የምትፈራው ግን ጠብታውን አይደለም፤ የሚያንጠባጥቡትን ነው።

ገብረ ሥላሴ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ነበር። በማግሥቱ ግን ተመልሶ ገረጣ፤ ጣቶቹ ቀዘቀዙ። ሐኪሙ ሆዱን ዳሶ፣ የግፊት መለኪያውን ፈትቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«አልገባኝም» አለ። «መድማቱ መቆም ነበረበት። በዚሁ ከቀጠለ ደም ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል መላክ አለብኝ። መንገዱን መቻላቸውን ግን አላውቅም።»

ጋዋን የለበሰ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምታ አታውቅም። አንዱ ልቧ፣ ይዘሽው ውጪ አላት። ሌላው ልቧ ደግሞ ይህን ልጅ ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ።

«እማማ፣ የቀረ ነገር ካለ ይንገሩኝ» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ሐኪም እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም።»

ገብረ ሥላሴ ዓይኑን ጨፍኗል። ዛሬ እሱ የሚናገርላት ነገር የለም። መቀነቷን ፈታችና በጋዜጣ የተጠቀለለውን አወጣች።

«ይሄን ለጉልበቱ እሰጠዋለሁ። ዛሬም ጠዋት እዚሁ አልጋው ላይ ሰጥቼዋለሁ። ከባለሱቁ ነው የማመጣው፤ ባለሱቁን አውቀዋለሁ፣ ዶክተር አይደለም።»

ሐኪሙ ጋዜጣውን ገልጦ አየና ለአፍታ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ይሄ ነው የሚያደማቸው።»

«የጉልበቱ ነው አልኩህ እኮ! የሆዱ አይደለም።»

«እማማ፣ ጉልበት የሚደርሰው በሆድ አልፎ ነው።»

አስካለማርያም ጋዜጣውን አየችው። በገዛ እጇ፣ ውኃ እያጠጣች፣ ቀና አድርጋ እየደገፈች ነው የሰጠችው።

«አሁን ካቆምኩ ይድናል?»

«ይሻላቸዋል ብዬ አስባለሁ።»

«ታስባለህ? እርግጠኛ አይደለህም?»

«አይደለሁም። አይተን ነው።»

ዕቃዬ እንከን የለውም ብሎ የሚምል ነጋዴ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ግን አታውቅም። ጥቅሉን ሰጠችው። ጥቁሩ ሰገራ ቀስ በቀስ እየለቀቀው ሄደ፤ የገብረ ሥላሴም ጣቶች ሞቁ፤ አንድ ጠዋት «አጥሚት የለም?» ብሎ ጠየቀ።

በዚያው ጠዋት ሐኪሙ ሊያየው ገባና ገብረ ሥላሴ አፉን ሳይከፍት አስካለማርያም ጀመረች። ትናንት የበላውን፣ ያገሳውን፣ በልጅነቱ ኮሶ ጠጥቶ የሆነውን፣ ሠርጋቸው ማግሥት ያስታወከውን ሳይቀር ነገረችው። ሊቺ በር ላይ ቆማ ትስቃለች።

«እሺ እማማ፣ ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ ሐኪሙ እጁን ወደ ገብረ ሥላሴ ሆድ ሰደደ።

አስካለማርያም ብድግ ብላ እጁን ከላይ ያዘችው። «እዚያ አይደለም» አለች፣ እጁን ወደ ግራ እየሳበች። «እዚህ ጋ ነው የሚያመው። ቀስ ብለህ ተጫነው።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ተጫነው። እሷም እጁን አልለቀቀችውም።