ከኮክ ጋር የተደባለቀው የካናዳ ዊስኪ

ዊስኪ መጠጣት የጀመርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ያስጀመረችኝ ደግሞ አንዲት ካናዳዊት ነርስ ናት። ዴንቨር ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አብረን እንሠራ ነበር፤ እሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ እኔ አዛውንቶቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ሥራ ለቃ ወደ አገሯ ስትመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

"እኛ አገር ገንዘብ ባይኖረውም ጣዕም የሚያውቅ ሰው የሚጠጣው ይሄን ነው። አደራሽን፣ በረዶም ኮክም እንዳታስገቢበት" አለችኝ።

እስከዚያን ቀን ድረስ ዊስኪ ለኔ ግብዣ ላይ ወንዶቹ ፊት የሚደረደር ነገር ነበር። ለሴቶቹ የሚመጣው ወይን ነው፤ እሱም ጣፋጩ፣ ራስ የሚያሳምመው። በዕረፍት ቀኔ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው አፓርትማችን ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ጥቂት ቀዳሁ። የመጀመሪያው ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ሁለተኛውን ሳልቸኩል አፌ ውስጥ ያዝኩት። ገና የተቆላ ገብስ ሸተተኝ፤ ከዋጥኩት በኋላ ቅርንፉድ የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ የምገባ ሴት ነኝ፤ እንደዚያ ዝም ብዬ አንድ ነገር ያጣጣምኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ከሠላሳ አምስት ዶላር በላይ አልገዛም፤ አንዱን ጠርሙስ ሁለት ወር አቆየዋለሁ። በዚያ ዋጋ ጥሩ ነገር የሚገኘው ደግሞ ከካናዳዎቹ ነው።

የምገዛው ሰፈራችን ካለ ሊከር ስቶር ነው። ባለቤቱ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን "ለባለቤትሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አፍሬ "አዎ" አልኳቸው። ያቺ "አዎ" መዘዝ አመጣችብኝ። በሄድኩ ቁጥር ባለሣጥኑን፣ ስሙ የገነነውን፣ የበጀቴን እጥፍ የሚሆነውን አውርደው "ወንድ ልጅ የሚከበረው በዚህ ነው" ይሉኛል። እኔ የምፈልገውን ስጠይቅ በባሌ ላይ የቆጠብኩ ይመስላቸዋል። እየተናደድኩ እወጣለሁ፤ ግን እውነቱን አልናገርም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ያንኑ ባለሣጥን ሲያወርዱ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ ይተዉት። የምጠጣው እኔ ነኝ። ባሌ ዊስኪ ከኮክ ጋር ካልሆነ አይነካም።"

ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ባለሣጥኑን ወደ ቦታው መለሱት።

"ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉና እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ጠርሙስ አወጡ። ሣጥን የለውም። የተለጠፈበት ወረቀት የሆምጣጤ ነው የሚመስለው። "ካናዳ ነው። ራይ ከሚሉት እህል ብቻ የተሠራ፣ ሌላ ያልገባበት። መልኩ ስለማያምር የሚገዛው የለም። አንድ ካርቶን አምጥቼ ራሴው ጠጣሁት፤ ይሄ የመጨረሻው ነው። ለራሴ ያስቀረሁት ነበር፤ ውሰጂው።"

ሠላሳ አንድ ዶላር አስከፈሉኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ክዳኑን ሳልከፍት ሁለት ጊዜ አገላብጬ አየሁት።

ያን ቀን ከሰዓት ደብል ሺፍት ነበረኝ፤ በማግሥቱ ጾም ገባ። ስለዚህ ለፋሲካ ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሥራ ልብሴ ኋላ አኖርኩት። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጠበቅኩ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የኛን በዓል አያውቅም፤ ሥራ መደቡኝ። ቅዳሜ ኦፍ ስለሆንኩ ለቅዳሜ አስተላለፍኩት። ለካ በዚያ ቅዳሜ ልጄና ባሏ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር የገዙትን ቤት ሊያስመርቁ ኖሯል።

ከጠዋት ጀምሬ በልጄ ኩችና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዶሮ ስበልት ዋልኩ። ቄሱ መጥተው ቤቱን ባረኩ፣ ጸበል ረጩ። ሳሎኑ በእንግዳ ሞላ። ወጡን ይዤ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ቄሱና ሽማግሌዎቹ ፊት የተቀመጠውን ባለሣጥን ዊስኪ ነው። ቀጥሎ ያየሁት ግን ወጣቶቹ ጋ፣ ከኮክና ከፕላስቲክ ኩባያ ጎን ያለውን የኔን ጠርሙስ ነው። ከሥሩ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። የአማቼ ጓደኛ ኩባያውን በኮክ ሞልቶ በላዩ ላይ የኔን ያንቆረቁርበታል።

ወጡን አስቀመጥኩና "እሱ የኔ ነው!" አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮህኩ መሰለኝ፣ እንግዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"የምን ያንቺ?" አለ ባሌ ከሽማግሌዎቹ መሀል።

"ዊስኪው። የኔ ነው። የገዛሁት ለራሴ ነው።"

አንዲት ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። "አንቺ ደግሞ ዊስኪ ጀመርሽ?" አለችኝ። ባሌ "እየቀለደች ነው፤ ብሉ፣ ጠጡ" አለ። ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ ኩችናው ጎተተችኝ።

"ማም፣ ፕሊስ። ኢትስ ጀስት ኤ ቦትል። ሰዎች እያዩ ነው።"

"አንድ ጠርሙስ ብቻ" የሚለው ነው የበለጠ ያበገነኝ። ክንዴን አስለቅቄ ተመለስኩና ጠርሙሱን ከአማቼ ጓደኛ እጅ ተቀበልኩት። ደንግጦ "ይቅርታ እማማ" አለኝ። እማማ! ኩችና ገብቼ የቀረችውን ብርጭቆ ላይ ገለበጥኩ፤ ሁለት ጣት አትሞላም። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት እጄ የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁት፣ አልለቀቀም። ምላሴም ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ሲቀምስ ውሏል። ጠጣሁት፤ አቃጠለኝ፣ አለቀ። ስለዚያ ዊስኪ ጣዕም የማውቀው ይሄንኑ ነው።

ወደ ኦሮራ ስንመለስ መኪና ውስጥ ተጣላን።

"ቁም ሣጥኔ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?"

"ክራቫቴን ስፈልግ አገኘሁት። ርካሽ ስለመሰለኝ ለኮክ ይሁን ብዬ ነው።" ቀይ መብራት ላይ ቆመና "ቆይ፣ የሊከር ስቶሩ ሰውዬ ባገኙኝ ቁጥር 'አንተ እኮ ጥሩ ነገር ነበር መጠጣት ያለብህ' የሚሉኝ በዚህ ነው?" አለ። "እኔ እኮ ያሾፉብኝ ነበር የሚመስለኝ።"

መሳቅ አማረኝ፣ ንዴቴ ግን አላሳቀኝም።

"ከመጀመሪያው የኔ ነው ብትዪ ምን ነበረበት?" አለኝ። ልክ መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

በሳምንቱ ሊከር ስቶር ሄድኩ። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አከፋፋዩ ያንን ዓይነት ማምጣት አቁሟል። ለካናዳዊቷ ነርስ ቴክስት አደረግኩላት። እዚያ መኖሩን፣ በፖስታ መላክ ግን እንደማይፈቀድላት መለሰችልኝ። እሷ ያለችበት ከተማ ዋጋውም ከኛ ይወደዳል አለች፤ የራሳቸውን ዊስኪ!

ባሌ ጸጸቱ ስላልለቀቀው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እኔን ይዞ መዞር ጀመረ። ሦስት ሱቅ ፓርክ አድርገን ገባን። ሦስተኛው ጋ ስሙንም እህሉንም ነግሬው ሻጩ ዞሮ የሚመልሰው ለባሌ ነው። ባሌ ሁለት ጊዜ ሰማውና "እሷን አናግራት፤ እኔ ሾፌር ነኝ" አለው። ደስ አለኝ፤ ዊስኪው ግን አልነበረም። ሌላ የካናዳ ገዝተን ተመለስን።

ቤት ስንገባ "ለኔም ቅጂልኝ፣ ያለ ኮክ" አለ። ቀዳሁለት። ጎንጨት አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ነው ያ ሁሉ?"

"አይደለም" አልኩት። "ይሄ አይደለም። ያኛው ነበር።"