በምሳ ሰዓት የሞቀው ጎማ

ግሌንዳ ስታብስ ጎማ ሊያስመርጥ የመጣን ሰው ስለ ፍጥነት አትጠይቅም። "ማታ ወደ ቤትህ የምትመለሰው በዚሁ ጎማ ነው?" ትለዋለች። አዎ ካላት ጥርስ ያለውን የመንገድ ጎማ ትሰጠዋለች፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ሌላ እግር፣ ማለትም መለወጫ አራት ጎማ፣ በተጎታች ይዤ መጥቻለሁ ካለ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ታልፋለች፦ መኪናው ምን ያህል ይከብዳል፣ መሬቱ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ፣ ሰውየውስ ሲደነግጥ ፍሬን ነው የሚረግጠው ወይስ መሪ ነው የሚጠመዝዘው። ይህን ሁሉ ካጣራች በኋላ ብቻ ነው ለስላሳውን ጎማ ከመኪናዋ የምታወርደው። ለስላሳው ላዩ ላይ ጥቂት መስመር እንጂ ጥርስ የሚባል የለውም። "ሊሾ የሆነ ጎማ ከአዲስ ጎማ አስበልጠው የሚገዙ ሰዎች ያሉት እዚህ ብቻ ነው" እያለች ትቀልዳለች።

እዚህ የምትለው ስኬልቢን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሜዳ ነበር። ዛሬ ሰዎች የገዛ መኪናቸውን ይዘው ይመጡና ማንንም ለመቅደም ሳይሆን ልባቸው እስኪረካ ይነዱበታል። ግሌንዳ የጎሚስታ ልጅ ናት። በአባቷ ጋራዥ ከቁመቷ የሚበልጥ የትራክተር ጎማ ከቸርኬው እየፈነቀለች አደገች። ወደ ስኬልቢ ያመጣት ታናሽ ወንድሟ ኔቪል ነው፤ እሱ መንዳት ሲጀምር እሷ ጎማ መቀየሪያዋን በመኪና ጭና ተከተለችው። ሜዳውን የወደደው እሱ ነው፤ የቀረችበት ግን እሷ ናት።

ኔቪል አንድ የመከር ቀን ከምሳ በኋላ፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ የድሮው የአውሮፕላን መጠለያ፣ ሃንጋሩ፣ ጋ ካለው ኩርባ ወጥቶ ከግንቡ ጋር ተጋጨና ሞተ። ግሌንዳ ያን ቀን አልነበረችም። መርማሪዎቹ ፍሬኑን አዩ፣ መሪውን አዩ፣ ምንም አላገኙበትም። ጎማዎቹ ተቀዳደው ስለነበር ምን ያህል ንፋስ እንደያዙ ማወቅ አልተቻለም። ነጂዎችን ሊያስጠነቅቅ ባንዲራ ይዞ ኩርባው ላይ የቆመው ኤርኒ ፓስክ ብቻ አንድ ነገር ተናገረ፦ ጎማው አልጮኸም አለ። ግሌንዳ ከዚያ ወዲህ ስንት ጎማ በእጇ አለፈ፤ ያን ነገር ግን ከሐሳቧ አውጥታው አታውቅም። ጥርስ ያለው ጎማ ከመንሸራተቱ በፊት ይጮኻል፣ ያስጠነቅቃል። ለስላሳው ግን ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ሳይናገር ይለቃል። ኔቪል የገጠመው ለስላሳውን ነበር። ቢሆንም በደህና ቀን አይለቅም። ያን ቀን ለምን ለቀቀ?

ዘንድሮ በጥቅምት የኔቪል ልጅ ታምሲን አባቷ ይነዳት የነበረችውን ዓይነት ትንሽ መኪና ገዝታ ስኬልቢ መጣች። ለስላሳውን ጎማ ፈለገች። ግሌንዳ እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች፤ አጣች። ፀሐይ ወጥታለች፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ልጅቷ አነዳዷ የሰከነ ነው፣ ለመመለሻ የሚሆን ጥርሳም ጎማም ይዛለች። ገጠመችላት። እንደ ልማዷም በየጎማው ትከሻ ላይ፣ ላዩና ጎኑ በሚገናኙበት፣ በጠመኔ መስመር አሰመረች። ጎማ ኩርባ ላይ ሲጋደም ጠመኔው ይፋቃል፤ ትከሻው ላይ ከቆመ ንፋሱ ልክ ነው፣ ወደ ጎኑ ከወረደ ግን ንፋሱ አንሷል ማለት ነው።

ጠዋቱ በደህና አለፈ። ልክ ከምሳ በፊት ታምሲን ጉንጮቿ ቀልተው ተመለሰች። ግሌንዳ የሌላ ሰው ቡሎን ይዛ ስለነበር ልጅቷ ጎማዎቹ ጋ ተጎንብሳ የንፋስ መለኪያ ስትሰካ በዓይኗ ጫፍ ብቻ አየቻት። እጇን ስትፈታ ሄዳ በአራቱም ጎማ ላይ ጠመኔውን አደሰች፤ ታምሲንም ሻይ ልጠጣ ብላ ወደ ምግብ ቤቱ ሄደች።

ከዚያ የጸጥታው ሰዓት ገባ። ከመንደሩ ጋር በተደረገው ስምምነት በምሳ ሰዓት ስኬልቢ ላይ ሞተር አይነሳም፤ የንፋስ መሙያ እንኳን አይበራም። ጠዋቱን ሙሉ ሲጮኽ የዋለ ሜዳ ድንገት ዝም ሲል ጆሮ ራሱ ግራ ይጋባል። ያን ቀን ደግሞ ከረግረጉ በኩል ጭጋግ ተነሳ። መጀመሪያ ሃንጋሩን ዋጠው፣ ቀጥሎ የባንዲራ ያዦቹን ማማ፣ ኋላም ከግሌንዳ ፊት ጥቂት መኪኖች ብቻ ቀሩ። የጎማ ቁልል ላይ ተቀምጣ የአሳማ ሥጋ የተሞላ ዳቦዋን ትበላ ነበር።

ያኔ ሰማችው። ሩቅ ነው፣ ከሃንጋሩ በኩል። የሞተር ድምፅ የለውም። የጎማ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያውም ጩኸት ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ የታፈነ ማጉረምረም፤ ለስላሳ ጎማ ንፋስ አንሶት በጎኑ ሲተኛ የሚያሰማው። ድምፁ ረዘመ፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ እንደተቆረጠ ክር።

ዳቦዋን አስቀመጠችና ወደ ኤርኒ መኪና ሄደች። ኤርኒ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ሳንዱቹን እያኘከ ነበር። መስታወቱን ስታንኳኳ ጥቂት ዝቅ አደረገላት።

"ሰምተሃል?" አለችው።

"እኔ የምሰማው የእግር ኳስ ውጤት ነው።"

"ኤርኒ።"

ማኘኩን አቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጎማዋም፣ በቆሸሸ እጇም፣ በምሳዋም ሳያሾፍ አይለቃትም ነበር። "በጭጋግ ቀን በምሳ ሰዓት ሬዲዮ የምከፍተው ለምን መሰለሽ? ኳስ እኮ አልወድም" አለና መስታወቱን መልሶ ዘጋው።

ግሌንዳ ሌላ የምታደርገው ነገር ስላልነበራት የምታውቀውን ሥራ ልትሠራ ወደ ታምሲን መኪና ተመለሰች። ከጎማ ጋር የኖረ ሰው መዳፉን ጎማው ላይ ሳያሳርፍ አያልፍም። የኋላውን ቀኝ ነካች፤ ቀዝቃዛ። የኋላውን ግራ፤ ቀዝቃዛ፣ ጭጋጉ እንደ ላብ አርፎበታል። የፊተኛው ቀኝም እንደዚያው። የፊተኛውን ግራ ስትነካ እጇን መለሰች። ይሞቃል። አሁን ከኩርባ እንደወጣ ጎማ ይሞቃል፤ ዙሪያው ደረቅ ነው፣ የጎማ ሽታውም ትኩስ ነው። ጎንበስ ብላ ጠመኔውን አየች። በገዛ እጇ ያደሰችው መስመር ከትከሻው አልፎ፣ በጎኑ ወርዶ፣ ጽሑፉ ድረስ ተፍቋል። ከመኪናው ሥር ያለው አስፋልት ላይ ግን የመንቀሳቀስ ምልክት የለም። ከሌሎቹ ጎማዎች ሥር ያለው ጤዛ እንኳን አልተነካም።

ታምሲን የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣች። ሲከፈት መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ፣ ቦታ ይዣለሁ አለች።

"መኪናዋን አንቀሳቅሰሻታል?"

"በምሳ ሰዓት? መንደሩ በሙሉ በአካፋ ያሳድደኝ እንዴ! ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አክስቴ።"

"ነይ ይህን ንኪ።"

ልጅቷ ነካች። ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ። ግሌንዳ አላብራራችላትም። መለኪያዋን አውጥታ የቀዘቀዙትን ሦስቱን ለካች፤ ንፋሳቸው መሆን ከሚገባው እጅግ አንሷል።

"ንፋስ ያስተነፈስሽው መቼ ነው?"

ከምሳ በፊት ነው አለች ታምሲን። ጎማው ሞቆ፣ ንፋሱ አብጦ ከልኩ አልፎ ነበር፤ ወደ ልኩ መለስኩት፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል አለች። እውነቷን ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል። ወዲያው ተመልሶ ለሚገባ ሰው ልክ ነው። ግን ትኩስ ሆኖ ልኩ ላይ የደረሰ ጎማ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ብርድ ላይ ሲቆም ንፋሱ ይጎድላል፤ በላዩም ላስቲኩ ራሱ ቀዝቅዞ ይደነድናል።

"ከምሳ በፊት አድርጊው ብሎ ማን አስተማረሽ?"

"አባባ ነዋ። ከምሳ በፊት ሁልጊዜ ያስተነፍስ ነበር። ስንመለስ ሁሉም ሲለካ ሲሯሯጥ እኛ ቀድመን እንገባለን ይለኝ ነበር።"

ግሌንዳ ባለችበት ቀን ሁሉ ከምሳ በኋላ የኔቪልን ጎማ ለክታ ንፋስ የምትሞላው እሷ ነበረች፤ ያን ቀን ግን አልነበረችም። ይህን ያህል ዓመት የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ በዚች ልጅ አፍ ላይ ነበር፤ ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"እነዚህን እናወርዳለን፣ ጥርሳሙን እገጥምልሻለሁ" አለች።

"አክስቴ፣ ቦታዬን ይወስዱብኛል።"

"ይውሰዱት። ክሪኩን አምጪ።"

ታምሲን ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የፊተኛውን ግራ እንደገና አየችና ክሪኩን አመጣች። በእጅ ስለሆነ ሥራው ሞተር አይፈልግም፤ የጸጥታው ሰዓት ሳያልቅ ጨረሱት። ግሌንዳ እያንዳንዷን ቡሎን ራሷ አጠበቀች፣ ንፋሱን ለቀዝቃዛ መሬት ለካች፣ ጠመኔውን አሰመረች። ጭጋጉ ስላልለቀቀ መክፈቻው ዘገየ። በመጨረሻ ኤርኒ የሚቀጥለውን ባንዲራ ያዥ ማየት ቻልኩ አለና መኪኖቹ ቀስ እያሉ ገቡ። ታምሲን ወደ መጨረሻው ላይ ነበረች።

ግሌንዳ አጥሩን ይዛ ቆመች። ትንሿ መኪና በነጩ ጭጋግ ውስጥ ጠፋች፤ የቀረው ድምፅ ብቻ ነው። ሃንጋሩ ጋ ስትደርስ ሞተሯ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ ጎማው ጮኸ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጆሮ የሚያሳክክ ጩኸት። ጭጋጉ ያረጠበው አስፋልት ላይ ገብታለች። ወዲያው ሞተሩ ተለሳለሰ፤ ልጅቷ ጩኸቱን ሰምታ እግሯን ከነዳጅ መስጫው አንስታለች። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ቆመ፤ የሞተሩም ድምፅ በደህናው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንደገና ከፍ አለ። ግሌንዳ በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንደዚያ ጩኸት ደስ ያላት ድምፅ አልነበረም።

ማምሻው ላይ ሜዳው ሲዘጋ ታምሲን አቅፋ ስማት፣ በጥርሳሙ ጎማ ወደ ቤቷ ሄደች። ግሌንዳ ዕቃዋን ጫነች። ለስላሳዎቹን አራት ጎማዎች አንድ በአንድ ወደ መኪናዋ ስታስገባ ሦስቱ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። አራተኛው አሁንም ሞቃት ነው።

ኤርኒ በሩን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣና አትሄጂም ወይ አላት። ትንሽ ቆይ አለችው። ጎማውን በጎኑ አስተኛችና አጠገቡ ተቀመጠች፤ መዳፏንም ትከሻው ላይ አሳረፈች። ኤርኒ አንዳች ነገር ሊቀልድ አስቦ ነበር፤ ተወው፣ ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። የዛሬን ሬዲዮውን አልከፈተም።

ሙቀቱ በዝግታ፣ መጀመሪያ ከዳር፣ ኋላም ከመሐል ለቀቀ። ግሌንዳ ላስቲኩ እንደ ሌሎቹ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጇን አላነሳችም።