አንጥረኛው አበጀና ጥቁሩ መዳብ

አበጀ በስማዳ ወረዳ የወገዳ ከተማ አንጥረኛ ነው። የስማዳ ሙሽራ ድሪዋን፣ ቄሱም የአንገት መስቀላቸውን የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነበር። ሰው ግን መስቀሉን እየተሳለመ ሠሪውን ይጠየፋል። ልጁ ሰብለ እንኳ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የአባቷን ሥራ ቢጠይቋት "ገበሬ ነው" ብላ አስመዝግባለች። አበጀ ይህን ከሰው ሰማ።

በ1998 ዓ.ም. የካቲት ላይ የኬሚስትሪ መምህሩ ገዛኸኝ ሱቁ ድረስ መጣ።

"ጋሽ አበጀ፣ ተማሪዎቼ ፎርሙላ በቃላቸው ይወጡታል። ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም። መዝነው ራሳቸው ቢያገኙት ብዬ ነው። ሚዛንና ወናፍ ይዘው ቢመጡልን?"

አበጀ ልጁ ከተማሪዎቹ አንዷ ናትና እንዳታፍር ሰጋ። "ሚዛኑን ይውሰዱት እንጂ፣ መምህር፤ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?"

"ሚዛኑን ያለ እጅዎ ምን ላደርገው?"

በማግስቱ ስልሳ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ግቢ ከበቡት። ሰብለ ከኋላ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አበጀ በሞረድ የፋቀውን የመዳብ ብናኝ ስምንት ግራም መዘነና በሸክላ ድስት አድርጎ ከሰሉ ላይ ጣደው። ወናፉን ሲነፋ መዳቡ ጠቆረ።

"ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ስለዚህ ይከብዳል" አለ መምህሩ። ሲመዘን ዘጠኝ ግራም ሆነ። የመዳቡን ስምንት፣ የኦክስጅኑን አንድ፣ ለየአቶማቸው ክብደት አካፈሉት። ሁለት ለአንድ ወጣ። መጽሐፉ ግን ጥቁሩ የመዳብ ውህድ አንድ ለአንድ ነው ይላል። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ የመምህሩም ፊት ቀላ።

አበጀ ጥቁሩን ጓል በጣቱ ሰበረው።

"መምህር፣ ይኼ አልበሰለም። ልቡ ገና ቀይ ነው።"

"መብሰሉን በምን እናውቃለን?"

"ሚዛኑ ይነግረናል። እየፈጨን እናግለው። መጨመሩን ሲተው ያን ጊዜ ጠግቧል።"

ፈጭቶ አጋለው፤ ዘጠኝ ተኩል። ደግሞ ፈጨው፤ አሥር። አሁንም መለሰው፤ ያው አሥር።

"ማን ያሰላልናል?" አለ መምህሩ።

ሰብለ ከኋላ ወጣች፤ ጠመኔ ተቀብላ ግቢው ውስጥ በቆመው ሰሌዳ ላይ ጻፈች። "ስምንት ለስልሳ ሦስት ነጥብ አምስት፣ ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት ስድስት። ሁለት ለአሥራ ስድስት፣ ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት አምስት። አንድ ለአንድ ነው!"

"ይህ ኢምፔሪካል ፎርሙላ ነው፤ ትንሹ ጥምርታ" አለ ገዛኸኝ። "የአቶሞቹን ትክክለኛ ቁጥር የሚሰጠውን ሞሌኪውላር ፎርሙላ ለማግኘት ደግሞ የሞሌኪውሉን ሙሉ ክብደት ማወቅ አለብን። ግሉኮስን ውሰዱ። በትንሹ ጥምርታ አንድ ካርቦን፣ ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን ነው፤ ሲደመር ሠላሳ። ሞሌኪውሉ ግን መቶ ሰማንያ ይመዝናል። መቶ ሰማንያ ለሠላሳ ሲካፈል ስድስት ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በስድስት እናባዛለን።"

ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ ከፊት የቆመች ልጅ፣ "ሰውዬው ግን ማን ናቸው?" አለች።

"አባቴ ነው" አለች ሰብለ፣ ጠመኔውን እንደያዘች። "አንጥረኛ ነው።"

አበጀ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጢሱን አሳብቦ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

ዛሬ ሰብለ ንፋስ መውጫ ከተማ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። አበጀ ባለፈው ጥር ሊጠይቃት ሄዶ ክፍሏ መስኮት ሥር ቆመ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዲቱንም ቃል አልተረዳም፤ ግን ደወል እስኪደወል ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።