የአባቴ ካራና የእኔ ጥይት

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ ሻዬ ቀዘቀዘ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ነኝ... ለአጋዘን አደንም፣ ለሩቅ ዒላማም የሚሆን አንድ ጠመንጃ ልገዛ ነው። ጣጣው ጥይቱ ላይ ነው።

ስድስት ነጥብ አምስት የሚባለው ጥይት ሩቅ ይሄዳል፣ ሲተኮስም ትከሻ አይመታም። ሦስት ዜሮ ስምንት የሚባለው ደግሞ ከመታ ይጥላል፣ የትም ሱቅ ይገኛል። ጠዋት አንዱን እመርጣለሁ፣ ከሰዓት ሌላውን።

ከእኛ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው ጓደኛዬ ሰለሞን ስልኬን ማንሳት ሰልችቶታል። «ብሮ፣ ሚስትህን እንኳን እንዲህ አልመረጥክም! ጀስት አንዱን ፒክ አድርግ!» አለኝ።

ያልነገርኩት ነገር አለ። አባቴ ከአገር ቤት እኛ ጋ፣ በርክ የሚባለው ከተማ፣ ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሶፋ... ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይወጡም። በጉልምስናቸው አዳኝ ነበሩ። አንድ ቀን «እዚህ አገር ሰው ሁሉ ሥራ አለው፣ እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። አጋዘን አድኜ ጥብሱን ባቀርብላቸው ፊታቸው ይፈታል ብዬ ተነሳሁ። አደኑ ከሚከፈትበት ቀን እስከ ጾመ ነቢያት ደግሞ ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ይሄም ሌላ ጭንቀት።

ያን ቅዳሜ አላስችል አለኝና ቪዲዮ አሳየኋቸው። ሰውየው ሰባት መቶ ሜትር ላይ የቆመ ብረት ይመታል።

«አጋዘኑም እዚያ ነው የሚወድቀው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ! አያስገርምም?»

«ማን ይባርከዋል ታዲያ?»

«እ?»

«ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው እኮ ልጄ። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ማረድ አለብህ። ሰባት መቶ ሜትር በስንት ደቂቃ ትሮጣለህ?»

ሆዴን አየሁት። ደረጃ ስወጣ የማለከልክ ሰው ነኝ። ሦስት ወር ሳሰላ ከርሜ ለገዛ አባቴ በክት ላበላ ነበር! አፈርኩ።

«እና... ይቅር በቃ?» አልኳቸው።

ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። የተቀየሙኝ መሰለኝ። ሲወጡ በፎጣ የተጠቀለለ ካራ ይዘዋል። ከአገር ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ከተው ያመጡት ነው።

«ለምን ይቀራል? አንተ ተኩስ፣ እኔ አርዳለሁ። ግን ይሄ ጉልበቴ ከሃምሳ እርምጃ በላይ አይሮጥልኝም፤ ቅርብ አድርገህ ጣልልኝ።»

ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ቆሙ። «ሞረድ የት ይሸጣል? ካራው ደንዟል፣ ና ውሰደኝ።»

ዓመት ሙሉ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። የመኪና ቁልፌን አንስቼ ተከተልኳቸው።

ሦስት ዜሮ ስምንቱን ገዛሁ። ሌላው ሰው የነፋሱን ፍጥነት ያስላ... እኔ የአባቴን ሩጫ አሰላሁ።