ቤቱን ሊገምት የመጣው ሰው

አትላስ አካባቢ፣ በጃንሆይ ጊዜ በተሠራ ሰፊ ቪላ ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልጆቼ «አባዬ፣ ሽጠውና ሰሚት እኛ አጠገብ ግባ» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ከረሙ። በመጨረሻም ዋጋውን የሚነግረን ገማች ነገ ይመጣል አሉኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተንኳኳ። ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባባ፣ የመጣሁት…»

«አውቃለሁ፣ ግባ» ብዬ እጁን ይዤ አስገባሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ቤት የሰው ኮቴ ከሰማ ሰንብቷል።

ሳሎኑን አሳየሁት፤ ፓርኬውን፣ ዛሬ ማንም የማያነደውን የእሳት ማሞቂያ ሳይቀር። ስቆም አብሮኝ ይቆማል። ባለቤቴ ልብስ ትሰፋበት የነበረውን ክፍል ከፍቼ የስፌት መኪናዋን አቧራ በእጅጌዬ ስጠርግ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እንዲህ ያለም ገማች አለ ለካ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ሽሮ አቀረብኩ። አንድ ሁለቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት «በሞቴ፣ መጀመሪያ ብላ፤ ሥራው ይደርሳል» አልኩት። በላ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እስክጠግብ በላሁ።

እጁን ታጥቦ ሲመለስ «በል እንግዲህ፣ አሁን ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» አልኩት።

ዙሪያውን ቃኘና «እኔ ብሆን አልሸጠውም፣ አባባ» አለኝ።

ደስ ብሎኝ እስከ ግቢው በር ሸኘሁት። እዚያ ስንደርስ ቆም አለና አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመብራት ቆጣሪው የት ነው?»