በአጽም የተፈታች

ጥሩብርሃን ከይፋግ ወጣ ባለ የሩዝ አገር ያደገች፣ በዘሯ የምትኮራ ሴት ነበረች። የደብሩን ታቦት ያስገቡት አቅኚ አባት የእናቷ ወገን ናቸው ይባላል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለው ባለ ድንጋይ መቃብርም የእሳቸው ነው። ባሏ ቢሻው ያገባት ለዚያ ዘር ሲል ነው፤ ድግስ በወጣ ቁጥር ራሱ ይናገረዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ሊታደስ ሲቆፈር መቃብሩ ተነካ። ከጥንት ሰው አጥንት በሽታ የሚያጠኑ ባለሙያዎች መጡ። ጥሩብርሃን ጠላ ጠምቃ፣ ነጠላዋን አደግድጋ አስተናገደቻቸው። ከመካከላቸው ሠርካለም የምትባለው ወጣት አጽሙን ሸራ ላይ ደርድራ ለሕዝቡ አስረዳች።

«የአፍንጫቸው አጥንት ተበልቷል። ጣቶቻቸውም ሟሙተው ሾለዋል። ሥጋ ደዌ ነበረባቸው።»

«ቁምጥና ማለትሽ ነው፣ ልጄ?» አለ ቢሻው።

«አዎ። ግን በዘር አይተላለፍም፤ ዛሬ ደግሞ በመድኃኒት ይድናል።»

ይህን የሰማት የለም።

ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ጀሪካናቸውን ከጥሩብርሃን ጀሪካን አራቁ። ለሩዝ አረም ወንፈል የሚገባላት ጠፋ። ልጇን አይናለምን ያጩት ሰዎች ሽማግሌ ልከው እጮኝነቱን አፈረሱ። ቢሻው ምሳ ሲቀርብለት ከእንጀራው በፊት የሚያየው ጣቶቿን ሆነ።

«ወንዛዬ ወርደሽ ፍል ውኃው ላይ ሰንብች» አላት።

«ምን አለብኝና?»

«እሱን አያትሽን ጠይቂ!»

ሄደች። ጤነኛ ገላዋን ከሕመምተኞች ጋር ስትነክር ሰነበተች። ስትመለስ ቢሻው አማከለች የምትባል ሴት አግብቶ ጠበቃት። ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ አጥሩ ሥር ጥሎታል። ደጋግማ ብትጣራም አይናለም ከቤት አልወጣችላትም።

ጥሩብርሃን ወረታ ገብታ ሩዝ መፈተጊያ ቤት በአበጣሪነት ተቀጠረች።

በዓመቱ ሠርካለም የምርመራውን ውጤት ይዛ መጣችና ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገረች። አጽሙ ደብሩ ከመተከሉ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የሞተ ሰው ነው። አቅኚው አባት አይደሉም። ከጥሩብርሃን ጋር የሚያዛምደው ነገርም የለም።

ቢሻው ጋቢውን አስተካከለና፣ «እንግዲያ ዘርም አልነበራትማ!» አለ። ሰዉ ሳቀ። አይናለምም አብራ ሳቀች።

ሠርካለም ወረታ ድረስ ሄዳ ውጤቱን ለጥሩብርሃን ነገረቻት። ጥሩብርሃን ሰፌዷን ከእጇ አላስቀመጠችም።

«ልጄ ሰማች?»

«ሰምታለች።»

«ምን አለች?»

«ዝም ነው ያለችው» አለች ሠርካለም፣ መሬት መሬት እያየች።

«ደግ አደረገች። አሁን እንኳ ባል ታገኛለች» አለችና ጥሩብርሃን ማበጠሯን ቀጠለች።