መብራት ሲጠፋ የተረክኩት ሦስተኛ ቅጽ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በደባርቅ ከእኔና ከዴስክ ጓደኛዬ በቀር ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ነበረኝ። አንድ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ቅጽ ናቸው። ሦስተኛው የለም። ያ የሌለው ነው ጉድ ያፈላብኝ፤ ጸሐፊ ያደረገኝም እሱ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ ያበስላል። አንዲት ቱሪስት ጓዟ ከበዳትና መጻሕፍቱን ለእሱ ትታለት ሄደች። በፌስታል ተጠቅልለው፣ ሽንኩርትና ነጭ ጋዝ እየሸተቱ ቤታችን ገቡ። «እንግሊዝኛ ትማሪ የለ? እንኪ፣ ተማሪበት!» አለኝ።

ማንጋ ይባላሉ፤ የጃፓን የሥዕል ልብወለድ ናቸው። ታሪኩ ሁሉ በሥዕል ነው፤ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ በሚወጣ ክብ ውስጥ ይጻፋል። በመጀመሪያው ቀን ከፊት ገልጠን ብናይ ሁሉም ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳናውቅ። ጓደኛዬ ከእጄ ነጥቃ ገለበጠችው።

«ከቀኝ ነው የሚጀምረው እኮ! ቁርአን ቤት ሄደሽ ቢሆን አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም ነበር» አለችኝ። እናቷ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እሷም እንደ እናቷ ነገሩን ገልብጣ ሳታይ አትቀበልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ግማሹ የእሷ ሆነ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮረብታ ላይ የተሠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አንዲት ልጅ ከሌላ ከተማ ተዛውራ ትመጣለች፤ ጥላዋ ግን አይታዘዛትም። እሷ ስትቀመጥ ቆሞ ይቀራል፤ እሷ ስትስቅ አንገቱን ይደፋል። ጥላው ለካ ድሮ እዚያው ትማር የነበረች የሌላ ልጅ ነው። ይህን ያዩ ሁለት ልጆች ይጠጓታል፤ አንዱ ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ረዥም ልጅ፣ ሌላዋ አፏ ከምግብ የማይለይ አጭር ልጅ። ሦስቱ ሆነው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቀሩ መናፍስትን ይሸኛሉ። ስማቸው ምላሳችንን ስላሰረው ባለጥላዋ፣ ዝምተኛውና በላተኛዋ ብለናቸዋል።

ሁለተኛው ቅጽ የሚያልቀው በተዘጋ ምሳ ዕቃ ነው። ሙሉ ገጽ፣ አንድ ቃል የሌለበት። በላተኛዋ አልበላችም፤ መንፈስ ገብቶባታል ማለት ነው። አራተኛውን ስንከፍት ደግሞ በላተኛዋ እየበላች ነው፤ ዝምተኛው ያወራል! የሚገርመውም ሰው የለም። በመካከል የሆነው ሁሉ ሦስተኛው ውስጥ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ቅጽ ሽፋን ውስጥ ቱሪስቷ አድራሻዋን ጽፋ ነበር። እኔም መዝገበ ቃላት ይዤ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩና በትምህርት ቤታችን ፖስታ ቁጥር ላክሁ፤ ሦስተኛው ካለሽ ላኪልኝ ብዬ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ረሳሁት።

ያኔ የምንማረው በፕላዝማ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ማንንም አይጠብቅም፤ «ሥሩ» ብሎ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱን ይናገራል። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ጸጥ። ደባርቅ ላይ መብራት ለመጥፋት ምክንያት አያጣም፤ ነፋስ ሲነሳ ይጠፋል፣ ጉም ሲወርድ ይጠፋል፣ ሲያሰኘውም ይጠፋል። አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጠፋ፤ መምህሩም ጠመኔ ፍለጋ ወጡ። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ያንን የጥላውን ንገሪያቸው።»

ተነሣሁ። የመጽሐፉ ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው ክፍል የሚገቡት ስል፣ «ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«መስጊድም ይሆናል» አለች ጓደኛዬ።

«እኛ ብናወልቅ ቲቸር በካልሲያችን ሽታ ይወድቃሉ!»

የሴቶቹ ቀሚስ ከጉልበት በላይ ነው፣ በክረምትም እንደዚያው ስል ደግሞ ከመስኮቱ በኩል፣ «በዚህ ብርድ? እንግዲያው መናፍስቱ እነሱው ናቸው በያ!» ተባለ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ «ጥላው! ጥላው!» ይላል። እኔ፣ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት የማፍረው!

እንዲህ እንዲህ ሲል ከተዘጋው ምሳ ዕቃ ደረስኩ። ከኋላ መደዳ የምትቀመጥ፣ ከጃናሞራ መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ በዕድሜም የሁላችንም ታላቅ የሆነች ልጅ እጇን አወጣች፤ ልክ እንደ መምህር ቆጥራኝ።

«መንፈሱ በምን ገባባት?»

«አልተጻፈም» አልኩ።

«እንዴት አይጻፍም? በእኛ አገር ጠበል ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በምን ገባህ? የት አገኘሃት? ይባላል። ሳይለፈልፍ የወጣ ይመለሳል።»

መብራት መጣና አዳነኝ። ሦስተኛው የለኝም ማለት ነበረብኝ። የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስንወጣ ግን ለጓደኛዬ፣ «አጎቴ ሦስተኛውን አምጥቶልኛል፤ ከቤት እንዳይወጣ ብሎኛል» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። እንዳያቆሙኝ ፈልጌ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሁለተኛው ቀን መብራት ሲጠፋ ሦስተኛውን ቅጽ ከራሴ አወጣሁና ተረክኩ። ባለጥላዋና ዝምተኛው በላተኛዋን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለ ምንጭ ይወስዷታል። መንፈሱን መጠየቅ አለባቸው፤ ባለጥላዋ ልትጠይቅ ስትል ጥላዋ አፏን ይይዛታል። ሌላ ጠያቂ የለም። ያኔ ዝምተኛው አፉን ይከፍታል፤ «በምን ገባህ?»

ዴስኩ ሁሉ ተደበደበ! «ተናገረ! ተናገረ!» ተባለ። መንፈሱም ይለፈልፋል፤ «ብቻዋን ስትበላ ገባሁ። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሰው እንዳያያት እየተጣደፈች ስትውጥ።» ለመውጣት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ከምሳ ዕቃዋ የመጀመሪያው ጉርሻ የሌላ ሰው ይሁን። አራተኛው ቅጽ ላይ በላተኛዋ ባለጥላዋን ስታጎርስ የሚታይበት ሥዕል ስላለ ልክክ ብሎ ገጠመልኝ። የጃናሞራዋ ልጅ ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች።

ጓደኛዬ ማታውኑ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ ጨርቅ መለካታቸውን ትተው ሰሙ አሉ። በማግሥቱም ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ፣ «ጅን የሚሰፍረው ለብቻው የሚውጥ ላይ ነው» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደፊት ጠሩኝ። በእጃቸው የውጭ አገር ቴምብር የተለጠፈበት ቡናማ ፖስታ አለ። ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ በእረፍት ሰዓት ተማሪዎች ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሆነው ያነባሉ፣ ድምፁ ግቢው ውስጥ ባለው ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሁለት ጊዜ ግጥም ሰጥቻቸው ሁለቴም መልሰውልኛል።

«ደብዳቤ ጽፋ መጽሐፍ ያስመጣች ተማሪ!» አሉ፣ መጽሐፉን ከፖስታው አውጥተው ለሰልፉ እያሳዩ። «ዓርብ በሚኒ ሚዲያ የዚህን ተከታታይ መጽሐፍ ብርታትና ድክመት ጽፈሽ ታቀርቢያለሽ።»

ሰልፈኛው አጨበጨበ። አንድ ሰው ብቻ አላጨበጨበም። ጓደኛዬ ሽፋኑ ላይ ያለውን ሦስት ቁጥር እያየች ነበር።

በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይዛኝ ሄደች። «ሁለት ሦስተኛ ቅጽ አለሽ ማለት ነው?» ብላ መጽሐፉን ገለጠች። ሥዕሉን እያየች እስከ መጨረሻ ሄደች፤ ተመልሳም አየች። «የታለ ምንጩ? የታለ በምን ገባህ?»

መጽሐፉን ከእጇ ወሰድኩና ዘጋሁት።

«ወላሂ፣ ሌላው ይቅር፤ እናቴ ለስንት ሰው ነግራለች! አሁን ምን ልበላት? ጓደኛዬ ውሸታም ናት ልበላት?»

ወደ ክፍል ስንመለስ ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ዴስክ ሄደች። ክፍሉ ምንም አልገባውም። ዓርብ ቀን ሦስተኛውን ሳላነሣ ባልፍ ከእሷ በቀር የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ጎበዝ ተብዬ እወርዳለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ማን ወደ እኔ ይዞራል?

እቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ እውነተኛውን ሦስተኛ ማንበብ ጀመርኩ። በእሱ ዝምተኛው የሚናገረው ስም ሲጠራ ነው። በላተኛዋ ታማ ቀርታለች፤ ብዙ ቀን ከቀረች ከትምህርት ቤቱ ልትሰረዝ ነው። መምህሩ ስሟን ይጠራል። ባዶ ወንበር፣ መስኮት፣ ዝናብ። ደግሞ ይጠራል። ዝምተኛው ከመቀመጫው ይነሣና «አለች» ይላል። በቃ። አንዲት ቃል። ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። እኔ ለመንፈስ አስጮህኩት፤ ሠዓሊው ግን ስለ ጓደኛው የሚላት አንዲት ቃል ሰጠው። በለጠኝ። መበለጤ ለምን ደስ እንዳሰኘኝ እንጃ፤ ተነሥቼ ቤቱ ውስጥ ዞርኩ።

ቀጥዬ አነበብኩ። መንፈሱ ወጣ። እንዴት ወጣ? ሁለት ገጽ ሙሉ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ የተበተነ መስመር፣ መካከሉ ነጭ ብርሃን፣ ከዚያ አለቀ። ማንም ምንም አልጠየቀውም! በምን ገባ? ምን ፈለገ? ሄዶ ነገ ሌላዋን ቢይዝስ? እዚህ ጋ ደግሞ፣ እግዜር ይወቅልኝ፣ የእኔ ይበልጣል። የእኔ ይበልጣል አልኩ፤ ጮክ ብዬ፤ እናቴ ከጓዳ «ምን ሆንሽ?» እስክትል ድረስ።

የዓርቡን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ጉልበት ነው። ዓርብ በእረፍት ሰዓት ማይኩን ያዝኩ። ብርታቱ ዝምታው ነው አልኩ፤ የተዘጋ ምሳ ዕቃ በመሳል ብቻ ሰው ማስፈራት ቀላል አይደለም። ዝናቡን ሲስለው ገጹ ይበርዳል፤ ብርድ ለምናውቅ ለእኛ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ድክመቱ ደግሞ፣ የሰዎቹ ዓይን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ፀጉራቸው ባይለያይ በላተኛዋን ከባለጥላዋ ማን ይለያል? እናትና አባት አይታዩም። ውኃ የሚቀዳ የለም፣ ልብስ የሚያጥብ የለም፤ ፈተና ይመጣል፣ የሚያጠና የለም፣ ሁሉም ያልፋል። ከውጭ ሳቅ ሰማሁ። «ሦስተኛውን ቅጽ በሚመለከት» አልኩ፤ ማይኩ ጠቅ አለና ድምፁ ጠፋ።

መብራት ሄደ።

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «በቃ፣ ጥሩ ነበር። ይብቃን» አሉኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ አንቀጽ ነው። መምህሩ አስቀድመው ስላነበቡት ያንን አንቀጽ እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቀው። ከሰልፉ ቦታ ባሻገር ጓደኛዬ ለብቻዋ ቆማለች፤ ልትሄድ ነው።

«ቲቸር፣ ልጨርሰው» አልኩ። ወጥቼ የሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ስለታገለኝ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ሦስተኛውን ቅጽ በሚመለከት!» ብዬ ጮህኩ። «መብራት ሲጠፋ የነገርኳችሁ ሦስተኛ የእኔ ፈጠራ ነው! አጎቴ ምንም አላመጣልኝም፤ ለጓደኛዬ ዋሽቼያታለሁ፤ እሷም እንደ እናንተው ተታልላለች! መጽሐፉ ላይ መንፈሱን ማንም አይጠይቀውም!»

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ውሸታም!» አለ፤ ሳቅ ተነሣ። ፊቴ ነደደ። ከድንጋዩ ግን አልወረድኩም።

«ዝም በሉ!» አለች የጃናሞራዋ ልጅ፣ ነጠላዋን እያጠበቀች። «ለፈለፈች እኮ! የለፈለፈ አይመለስበትም። ትጨርስ!»

አሁን ሳቁ ሌላ ሆነ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሲያበቃ የቀረውን አነበብኩ፤ ዝምተኛው «አለች» ያለበትን ገጽ፣ ወንበሩን፣ ዝናቡን። «በዚህ መጽሐፉ በልጦኛል። መንፈሱ ሳይጠየቅ በመውጣቱ ግን እኔ እበልጣለሁ» ብዬ ጨረስኩ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ያን ያህል ሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ! መምህራችን ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት፤ አጣጥፈውም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እንደ ግጥሞቼ አልመለሱልኝም። ጓደኛዬ ግን ቆማበት ከነበረው ቦታ የለችም።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ቦርሳዋ ዴስካችን ላይ ነው። እሷ ወደ ሰሌዳው እያየች ነበር።

«ለእናቴ ሁለቱንም ነገርኳት» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ያንቺንም የእነሱንም።»

«ምን አሉ?»

«ጅኑ ሳይጠየቅ የወጣበትን አልሰማም አለች። የጓደኛሽ ይበልጣል አለች።» ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ግን 'አለች' የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።»

መምህሩ ገብተው ስም መጥራት ጀመሩ። የእኔ ስም ሲደርስ እሷ ቀድማኝ «አለች!» ብላ ጮኸች፤ መላው ክፍል ዴስኩን ደበደበ።